ሳይቀምስ ያቀመሰ

ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት አቶ ላቀው አሥራ ሁለት ጠርሙሶቹን በእንጨት ሳጥን ደርድሮ፣ ነጩን ጋዋኑን ደርቦ ከቆዳ ፋብሪካው የኋላ በር ይወጣል። ከበሩ እልፍ እንዳለ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቁልቁል የሚወርደው የፋብሪካውን ቱቦ አልፎ፣ አረፋ የተሸከመውን ወንዝ ተከትሎ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል አስኪዶ ሰንበሌጥ የምትባል መንደር መሻገሪያ ላይ ያደርሳል። ሽቅብ የሚወጣው ደግሞ በጽዶቹ መሃል ሾልኮ፣ አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ከፋብሪካው በላይ ካለው ምንጭ ያደርሳል። ላቀው የፋብሪካው የውሃ ጥራት ተቆጣጣሪ ነው። ደመወዝ የሚበላው ቁልቁል ወርዶ፣ የሰንበሌጥ ሰው ከሚጠጣው ውሃ ቀድቶ፣ መርምሮ፣ ያገኘውን እንዲጽፍ ነው። እሱ ግን ሽቅብ ይወጣል። ስምንት ዓመት ሙሉ ሽቅብ ሲወጣ ኖሯል።

ምንጩ ከድንጋይ ሥር ኩልል እያለ ይወጣል፤ ከላዩ የጽድ ሽታ፣ ከሥሩ ቀዝቃዛ የአፈር ሽታ አለው፤ የፋብሪካው ጩኸት እንኳ እዚያ ሲደርስ ደክሞ ከሩቅ እንደሚሰማ ነጎድጓድ ይሆናል። ላቀው ተንበርክኮ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ይሞላል፣ ክዳናቸውን ያጠብቃል፣ በያንዳንዳቸው ላይ «ሰንበሌጥ መሻገሪያ» የሚል ወረቀት በጥንቃቄ ይለጥፋል። ሰነፍ ነው እንዳይባል ሰነፍ ሰው በየሳምንቱ አሥራ ሁለት ጠርሙስ አጥቦ አይለጥፍም። ውሸትም ሲለምዱት እንደማንኛውም ሥራ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሲጨርስ ከምንጩ በእፍኙ ጠጥቶ፣ «ተመስገን» ብሎ፣ ለቤቱ የሚሆነውን ሁለት ጀሪካን ይሞላል። ባለቤቱ እልፍነሽና የስድስት ዓመት ልጁ ሶስና ከዚህ ምንጭ ሌላ ውሃ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ውሃን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለና!

ነገሩ የተጀመረው የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። ፋብሪካው ሥራ በጀመረ በመንፈቁ የወንዙ ሽታ ተለወጠ፤ የሰንበሌጥ ሰውም ውሃውን አንጠጣም ብሎ ተነሳ። ወረዳው ፋብሪካውን፣ «ለመንደሩ የቧንቧ ውሃ ካላስገባህ» ብሎ ያዘው። ከፋብሪካውና ከመንደሩ የተወከሉ ሰዎች በመሻገሪያው ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። የሰንበሌጥ ሰው ለእንግዳ መጠጥ ሲያቀርብ አስቀድሞ ከመጠጡ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ጠላም ይሁን አረቄ፣ ባዶ ውሃም ቢሆን። ክፉ ነገር ካለበት እኔን ይቅደመኝ ማለት ነው። ቀማሹ ሳይቀምስ የሚጠጣ የለም፣ ቀማሹ ከቀመሰ በኋላም የሚጠራጠር የለም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ብዙ አልተከራከሩም። «የፋብሪካው ሰው ይቅመስልን። እሱ ከቀመሰ እንጠጣለን፣ የቧንቧውም ነገር ይቅር» አሉ።

ላቀው ከዚያ ወንዝ መጠጣት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቆዳው የሚነከርበትን ኖራ፣ ጠጉሩን የሚያረግፈውን መድኃኒት፣ ሰማያዊ አድርጎ የሚያለፋውን ክሮም ያውቃል፤ ሁሉም በዚያ ቱቦ ወርዶ የት እንደሚደርስ ያውቃል። ደግነቱ፣ ወይም ክፋቱ፣ ጠዋት ለማነጻጸሪያ ብሎ ከምንጩ የሞላቸው ጠርሙሶች በሳጥኑ ውስጥ ነበሩ። «አሁን ስመጣ ከመሻገሪያችሁ የቀዳሁት ይኸውላችሁ» አለና አንዱን ከፍቶ በመዳፉ ጠብ አደረገ፣ ቀመሰ፣ ቀጥሎም ኩባያ ሙሉ ጠጣ። መንደሩ እልል አለ። ሰው መርዝ ሊያጠጣ እንደሚችል ያውቃሉ፤ ሳይቀምስ ቀመስኩ የሚል ሰው ግን በአያት በቅድመ አያታቸውም አልሰሙም። ከፊት ቆማ የነበረች ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት የአምስት ዓመት ልጇን ዘርትሁንን ወደ ወንዙ ይዛት ወረደችና በእፍኟ አጠጣቻት። ላቀው አይቷል። አይቶም ሳጥኑን ዘጋ።

ከዚያ ወዲያ ሰንበሌጥ ጠጣች። መጀመሪያ እንቁራሪቶቹ ጸጥ አሉ። ቀጥሎ ላሞቹ ጥጃ መጣል ጀመሩ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች መዳፍ ላይ ክብ ክብ ቁስል ወጣ፤ ምስማር የተነቀለበት ሳንቃ ይመስል ጠልቆ የሚሄድ፣ የማይድን ቁስል። ሕፃናቱ ሆዳቸው እየተነፋ እግራቸው ቀጠነ። መንደሩ ባቤቱታ ሲጮኽ፣ ከፋብሪካው በኩል ከላቀው ፊርማ ጋር «ውሃው ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት ይላካል። ወረቀት ደግሞ ከሕፃን ሆድ ይልቅ ይታመናል። ላቀው እንቅልፍ አጥቶ አያውቅም፤ የወጋ ቢረሳ ነው ነገሩ።

ባለፈው እሑድ ግን ላቀው መንገድ ላይ ቀብር አጋጠመው። ቤተ ክርስቲያኑ ከፋብሪካው በላይ ስለሆነ የሰንበሌጥ ሬሳ ሁሉ በፋብሪካው በር ነው የሚያልፈው። ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። የተሸከሙት ትንሽ ቃሬዛ ነው፤ የተሸከሙት ሰዎች እጅ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ከኋላ ትከተል የነበረችው ጥቁር የለበሰች ሴት ከሰዉ ተነጥላ ፊቱ መጥታ ቆመች። ማንጠግቦሽ ናት። አላለቀሰችም፤ ዓይኗ ደርቋል።

«ቀማሹ አንተ ነህ» አለችው።

«እግዜር ያጥናሽ፣ እትዬ።»

«እንጨት ለቀማ የወጡ ሴቶች ከላይ ምንጭ ስትቀዳ አይተውሃል። ሳትቀምስ ነው ያቀመስከን። እኔ አንተን አምኜ በገዛ እጄ ዘርትሁንን አጠጣኋት፤ ከዚያ ወዲያ አላደገችም።» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ወረዳውም አልሰማኝም፣ ሕጉም አልሰማኝም። ሳይቀምስ ያቀመሰን ውሃው ራሱ ይፈልገዋል ይላሉ አባቶቻችን። ይፈልግህ!»

ይህን ብላ ወደ ሬሳው ተመለሰች። ላቀው ባርኔጣውን ደፋና ኀዘን ነው፣ ኀዘን ሰውን ያናግራል ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

በማግሥቱ ሰኞ ምንም አልተፈጠረም፤ ማክሰኞ መጣ። ላቀው እንደ ልማዱ ሽቅብ ወጣ፣ ተንበረከከ፣ ጠርሙሶቹን ደረደረ። የጽዱ ሽታ ውስጥ ሌላ ሽታ ያለ መሰለው፤ እርጥብ ቆዳ፣ ተከምሮ የሰነበተ፣ ጨው የተነሰነሰበት። ጋዋኑን አሸተተ። ጋዋኑ ትናንት የታጠበ ነው። በእፍኙ ቀድቶ ጎንጨት ሲያደርግ ውሃው ምላሱ ላይ ከበደ፤ መጀመሪያ ጨው ጨው፣ ከዚያ ኖራ ኖራ አለው፣ መጨረሻ ላይ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ በአፍንጫው ወጣ። ተፋው። አጭር ጠጉር ላንቃው ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ጣቱን ሰዶ ሲፈልገው አገኘው፣ ጎትቶ አወጣው፣ ቀጭን ጫፉ ላንቃውን ሲጭረው ሁሉ ተሰማው። ጣቱን ብርሃን ላይ ሲያየው ምንም የለበትም። ውሃው እንደ መስተዋት ጠርቶ የገዛ ፊቱን ያሳየዋል። ሊነሳ ሲል ግን የላቀው አፍ ተከድኖ ሳለ በውሃው ውስጥ ያለው ፊት ጉሮሮው ሽቅብ ቁልቁል ሲል አየው። እየጠጣ ነበር።

ላቀው ጠርሙሶቹን ሞላ፤ ወረቀቱንም ለጠፈ። ጽሑፉ ብቻ ትንሽ ተንጋደደ።

ቤት ሲደርስ እልፍነሽ ውሃ በብርጭቆ ሰጠችው። አንዴ ጎንጨት አድርጎ መሬት ላይ ተፋው። «ምን ገባበት?» ሲል ጮኸባት። እሷ ከብርጭቆው ጠጥታ፣ አሽትታ፣ ምንም የለውም አለችው። ሻይ አፈላችለት፤ ሻዩ ውስጥም አለ። ሾርባው ውስጥም፣ የሽሮው ወጥ ውስጥም አለ። ረቡዕ ከሰዓት ከሱቅ የታሸገ ውሃ ገዛ፤ ክዳኑን ራሱ ቀጭ አድርጎ ከፍቶ ጠጣና ሱቁ በር ላይ አስታወከ። ባለሱቁ ደንግጦ ከዚያው ጠርሙስ ቀመሰና፣ «ኧረ ወንድሜ፣ ምንም አልሆነም! ጨጓራህን ታየው» አለው። ብርጭቆ ወደ አፉ ባስጠጋ ቁጥር ደግሞ ከውሃው ውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ ፋብሪካው ውስጥ ቆዳ የሚታሽባቸው ትላልቅ የእንጨት በርሜሎች ሲሽከረከሩ የሚያሰሙት፣ ከባድ፣ እርጥብ፣ የማያቋርጥ ድምፅ።

ሐሙስ ጠዋት ላቀው አንድ ብርጭቆ የምንጭ ውሃ ይዞ ላቦራቶሪው ገባና በሩን ቆለፈ። ከአፉ ይልቅ የሚያምነው መሣሪያ አለና። የመመርመሪያውን ማሽን የሸፈነውን ላስቲክ ሲገልጥ አቧራው አሳለው። ከስድስት ዓመት ወዲህ አልበራም፤ ለምን ይበራል? ጠርሙሶቹ ለዓይን ናቸው፣ ቁጥሩ ከዓምናው ሪፖርት ይገለበጣል። መደርደሪያ ላይ ያሉት ኬሚካሎች ጊዜያቸው አልፏል፣ ግማሾቹ ደርቀው እንደ አሮጌ ማር ጠርሙሱ ሥር ተጋግረዋል። ቁልፉን ቢጫነው ማሽኑ ጭጭ አለ። በዚያ አገር ውሃን ሊመረምር የሚችል አንድ ሰው ነበረ፣ እሱም ላቀው ነው፣ ላቀውም ከምላሱ በቀር መመርመሪያ የለውም። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዶ ስለ ምንጩ ሲነግረው ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «አንተ አይደለህ እንዴ በየሳምንቱ ንጹሕ ነው የምትለን?» አለው።

የዚያኑ ዕለት ሶስና ትኩሳት ያዛት። ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ ነርሷ ልጅቷን አይታ፣ «የሰሞኑ ጉንፋን ነው፣ ምንም አያስጨንቅም። ብቻ ውሃ አብዝታ ትጠጣ» አለች። ላቀው ጭንቅላቱን የመቱት መሰለው። ውሃ! የቱን ውሃ? ልጁ የታመመችው በውሃው ለመሆኑ አልተጠራጠረም፤ ትኩሳት ከምን እንደሚጀምር እሱ ከማንም በላይ ያውቃል፣ የሰንበሌጥ ሰዎች በየአቤቱታቸው ጽፈውለታል። ቤት ሲገባ ሁለቱን ጀሪካን ደጅ አውጥቶ ደፋቸው። ልጅቷ አፏ ላይ ያደረሰችውን ኩባያ መንትፎ ደፋው።

«ምን ነካህ ላቄ? ልጄ ጠማኝ እያለች!» አለች እልፍነሽ።

«መርዝ ነው!» አላት። «የማውቀውን ነው የምነግርሽ! ንጹሕ ውሃ እስካመጣ አንዲት ጠብታ እንዳትሰጫት።»

እልፍነሽ እሱ ፊቱን ባዞረ ቁጥር ከጎረቤት ውሃ እየለመነች ልጇን ታጠጣለች። ላቀው ግን አይጠጣም። አርብ ጠዋት ምላሱ አፉ ውስጥ እንደ ደረቀ ጠፍር ሆኖ ነበር። በሩን ሲከፍት ደፉ ላይ ውሃ የሞላ የቆርቆሮ ኩባያ ተቀምጧል፤ አቧራ እንዳይገባበት በጌሾ ቅጠል ተከድኗል። የነሱ ኩባያ አይደለም። ከአጥሩ በር እስከ ደፉ ድረስ የትንሽ ልጅ ባዶ እግር እርጥብ ዱካ አለ። የመመለሻ ዱካ ግን የለም። ኩባያውን በእግሩ ገፍቶ ደፋው፤ የፈሰሰው ውሃ ሲሚንቶው ላይ ሰማያዊ እድፍ ትቶ ደረቀ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ኩባያ ነበር።

«አባዬ» አለችው ሶስና ከአልጋዋ። «ያቺ ልጅ ሄደች?»

«የቷ ልጅ?»

«ውሃ ላምጣልሽ ያለችኝ።»

ግንባሯን ዳሰሰ። ትኩሳቱ ነው ብሎ ብርድ ልብሱን አለበሳት፤ ከዚያ ግን ክፍሉን ጥግ ለጥግ፣ አልጋው ሥር ሳይቀር አየ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቁልቁል ወረደ። ከስምንት ዓመት በኋላ እግሩ ያንን መንገድ ሲረግጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። የሄደው እርግማኑን ልታነሳለት ትችል እንደሆነ ማንጠግቦሽን ሊለምን ነው፤ ሌላ በር አልቀረለትም። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ጥማቱ ዓይኑን ያጭበረብረዋል። በቱቦው አጠገብ ሲያልፍ አፍንጫውን ሊይዝ እጁን አነሳና ተወው፤ ሽታው ጠፍቶበታል። የወንዙ ዳር ዛፎች ከጫፋቸው ጀምሮ ደርቀዋል፣ ወፍ የለም፣ ዝንብ እንኳ የለም፣ ከውሃው አረፋ ሲፈነዳ የሚሰማው ቷ ቷ የሚል ድምፅ ብቻ ነው ያለው። መንደሩ መግቢያ ላይ እንደ ይቅርታ ጠያቂ ወግ ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ ተሸከመና አንገቱን ደፍቶ ገባ።

በየቤቱ ደፍ ላይ ውሃ የሞላ፣ ቅጠል የተከደነ ኩባያ ተቀምጧል። ሰዎቹ በየጓሯቸው፣ በየአጥራቸው ቆመው ያዩታል። የሰደበው የለም፤ ድንጋይ የወረወረበትም የለም። እንዲያውም መንገድ ለቀቁለት። ዕድሜ ልኩን ብዙ ሰው አይቶታል፣ የዚያን ቀን ያህል ግን ታይቶ አያውቅም። የተጠቀለሉት እጆች፣ የቀጠኑት እግሮች፣ ቅንድባቸው የረገፈ ፊቶች ሁሉ እንደ ሙሽራ እየሸኙት ማንጠግቦሽ በር ላይ አደረሱት።

«እትዬ፣ ማሪኝ» አለና ከነድንጋዩ ተንበረከከ። «በድያለሁ። አልቀመስኩም ነበር። ውሃ ከጠጣሁ አራተኛ ቀኔ ነው፣ እየሞትኩ ነው።»

ማንጠግቦሽ ቁልቁል አየችው። ፊቷ ላይ ደስታ አልነበረም ብሎ መማል አይቻልም። ልጇን ከቀበረች ሳምንት ያልሞላት ሴት ናት፤ የልጇ ገዳይ እግሯ ሥር አፉ ደርቆ ወድቋል። ይህን ለማየት ስንት ሌሊት ለምናለች። ቢሆንም ለተጠማ ውሃ መከልከል በሰንበሌጥ ነውር ነው። ድንጋዩን አውርድ አለችውና ከጋኗ በኩባያ ቀዳች። በቆሰለው መዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፤ ስትውጠው ፊቷ ተኮማተረ። ከዚያ ኩባያውን በሁለት እጇ ሰጠችው።

ላቀው ጠጣ። ጣፈጠው። እንዴት ያለ ጣዕም ነው! ቀዝቃዛ፣ ቀላል፣ ከጽድ ሥር እንደወጣ ያለ፣ ጉሮሮውን አርሶ አጥንቱ ድረስ የገባ። እንባው እየወረደ ድገሚኝ አላት፤ ደገመችው። ሦስተኛውን ጠጥቶ አፉን በጋዋኑ እጅጌ ጠረገና፣ «ከየት ነው ይሄ?» ሲል ጠየቃት።

«ከወንዙ ነው እንጂ። ሌላ ከየት አለን?»

አላመናትም። ተነስቶ ወደ መሻገሪያው ሮጠ፤ ዳር ላይ በደረቱ ተኝቶ አፉን ውሃው ውስጥ ነከረ። ያው ነው! እንዲያውም ይጣፍጣል። ውሃው ጠርቶ ጠጠሩ ይቆጠራል፤ የፊቱ ምስል ግራና ቀኝ ሌሎች ትናንሽ ፊቶች ተደርድረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አብረውት ይጠጣሉ። ቀና ብሎ አላያቸውም። ጊዜም አልነበረውም፤ በውስጡ ከጥማቱ የበለጠ ነገር እየረካ ነበርና። ስምንት ዓመት ሙሉ ንጹሕ ነው ብሎ ፈርሟል፣ ለካ ንጹሕ ነው! ለካ ማንንም አልገደለም! የታመሙት በሌላ ነገር ነው፣ የሞተችውም በሌላ ነገር ነው። እንደዚያ የሚመስል ዕረፍት ከተወለደ አላገኘም። ሲነሳ ውሃ የነካው የነጭ ጋዋኑ እጅጌ እስከ ክንዱ ሰማያዊ ሆኖ ነበር፤ አየውና መኖሩንም ረሳው።

ማንጠግቦሽ ተከትላው ወርዳ ቆማለች። «እትዬ፣ ጀሪካን አውሺኝ» አላት እየሳቀ። «ልጄ ታማብኛለች። ንጹሕ ውሃ ፍለጋ ስንከራተት ሰነበትኩ።»

የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ። «ልጅ አለችህ?»

«ሶስና ትባላለች። ስድስት ዓመቷ ነው።»

ማንጠግቦሽ የረገመችው ሰውየውን ነበር። ሌሊት ሌሊት ስታነባ እሱን ነበር የምታየው፤ ከኋላው ትንሽ ልጅ መኖሯን አላሰበችም፣ ውሃውም አልነገራትም። በተጠቀለለው እጇ ክንዱን ያዘችው።

«ስማኝ» አለችው። «ለሷ እንዳትሰጣት። ውሃው መርዝ ነው፣ ላቀው። የእኔን የገደለ እሱ ነው። ያንተ አፍ ነው የተገለበጠው እንጂ ውሃው ያው ነው። ስለ ልጅህ ነፍስ፣ ለእግዜር ብለህ!»

ላቀው በርኅራኄ አያት። ኀዘን ነው፣ ኀዘን ሰውን ያናግራል። «ግድ የለሽም፣ እትዬ» አላት ክንዱን ቀስ አድርጎ እያስለቀቀ። «እኔ ቀምሼዋለሁ።»

ከአጥር ላይ የተሰቀለ ጀሪካን አንስቶ ሞላው። ስትከተለው ፈጠነ፤ ስትጮኽ ሮጠ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ትንፋሿ አልቆ ስትቀመጥ ድምጿ ደረሰው፤ «በእመ ብርሃን! ያዙት! አንድ ሰው ይያዘው!» ትላለች። የሰንበሌጥ ሰው ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። ስለ ውሃው ስንጮኽ ማን ሰማን የሚል ይመስላል አቋማቸው።

ቤቱ ሲደርስ ፀሐዩ ገና ሳሎኑ ውስጥ ነበር። እልፍነሽ የጀሪካኑ ክዳን ሲከፈት አፍንጫዋን ይዛ ወደ ግድግዳው ሸሸች። «ላቄ፣ ምንድን ነው ይሄ? የሞተ ነገር ይሸታል! ቀለሙን አታየውም?» አለችና ትውከቷ መጣባት፤ ወደ ደጅ ሮጠች። የሚወደውን ሰው ከሞት አፋፍ ሊመልስ እንደደረሰ አባት ላቀው በደስታ በኩባያ ቀዳ። ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አንዳች ማጭበርበር፣ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። ጣፋጭ ነበር። የልጁን ጭንቅላት በክንዱ ደግፎ ኩባያውን ወደ ከንፈሯ አስጠጋ።

ሶስና ባንድ ትንፋሽ ጨለጠችው፣ የቀረባትን ጠብታ ከከንፈሯ ላሰችና ኩባያውን መልሳ እየዘረጋች፣ «ይጣፍጣል አባዬ፣ ድገመኝ» አለችው።